እሺ ሁለት መቶ ናት

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይባላል። አይበልጥም። እኔ በኖርኩበት ሙያ የእሺ ልክ በቁጥር ተጽፎ ይታወቃል፤ ሁለት መቶ ናት። ሰርቨር፣ ማለትም ከሩቅ የሚላክለትን ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ ኮምፒዩተር፣ ጥያቄውን ከተቀበለ «200» ብሎ ይመልሳል፤ እሺ ማለቱ ነው። የተባለው ካልገባው «400» ይላል። አራት መቶ ከሁለት መቶ እንደሚበልጥ ለመረዳት ገንዳ ውሃ ድረስ መውረድና አንድ በሽተኛ ፀሐይ ላይ ማስጣት አስፈልጎኛል።

ድረ ገጽ የሚከፍት ስልክ ወደ መተማ ቆላ መግባት በጀመረባቸው ዓመታት ገንዳ ውሃ ከተማ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ቀጠረችኝ። ማኅበሯ አንድ መኪና ነበራት፤ በየሰሊጥ እርሻው የታመሙ የቀን ሠራተኞችን ከመንገድ ዳር እያነሣች ጎንደር ለሕክምና ታደርሳለች። ነርሶች ካሉበት ሆነው በስልካቸው ቅጽ ሞልተው ይልካሉ፤ እኔ የሠራሁት ሰርቨር ተቀብሎ ለሾፌሩ ተራ ያወጣለታል። ቅጹ እንዴት እንደሚሞላ የሚደነግግ አንድ ገጽ ወረቀት ነበረን። «ሰዓት፦ በሁለት አሃዝ» ይላል። የማን ሰዓት እንደሆነ አይልም። መተማ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሱዳናዊው ነጋዴ ዘጠኝ ሲል የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ስልካችንም ከእሱ ወገን ነው። የእኛ ሰው ዘጠኝ ሲል ደግሞ ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች።

ክፍተቱን ሳላየው ቀርቼ አይደለም። በሙያችን ግን አንድ የቆየ ምክር አለ፤ ስትልክ ጥንቁቅ፣ ስትቀበል ቸር ሁን የሚል። ቸር ሆንኩ። የቦታውን ስም አንዷ ነርስ «ሽንፋ»፣ ሌላዋ «ሺንፋ» ብትጽፍ ሰርቨሬ አይቆጣም። የሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ አይለይም። ሰዓቱንም እንደዚያው ለማድረግ አንዲት የትእዛዝ መስመር ጨመርኩለት፤ ግልጽ ካልሆነ በሐበሻ አቆጣጠር ገምት። ስጽፋት ፈገግ ብያለሁ መሰለኝ።

አንድ ኅዳር ከሽንፋ በኩል «09» የሚል ጥያቄ መጣ። በሽተኛው ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረደ፣ ካላዛር የሚባለው የቆላ በሽታ የያዘው ጎልማሳ ነበር፤ ጣፊያው አብጦ መራመድ አቅቶታል። ነርሷ ሰዓቱን የገለበጠችው ከስልኳ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቷ ነበር። ሰርቨሬ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ብሎ ገመተና እሺ አላት። እሺ መባሏን አይታ ወደ ሌሎች በሽተኞቿ ተመለሰች። ሁለት ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው ኔትወርክ በማይደርስበት መንገድ ዳር፣ ግራር ሥር አስተኙት። እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቁ። ውሃቸው አለቀ። ወደ እርሻው የሚመለስ ትራክተር ሲያገኙ ተጎታቹ ላይ ጭነውት ሄዱ። መኪናችን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝንፍ ሳትል ደረሰች። ያገኘችው ግራሩን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ የት ጠፋችሁ?» አለችኝ ነርሷ ስትደውል።

«እናንተስ የት ጠፋችሁ ሲስተር? ሾፌሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንም የለም ብሎ ተመለሰ እኮ።»

«የምን ዘጠኝ? ሦስት ሰዓት ነው ያልኩት!»

«የጻፍሽው ዘጠኝ ነው።»

«ታዲያ ካልገባው ለምን እሺ አለኝ?»



በማግስቱ ማልጄ ከሾፌሩ ጋር ወደ እርሻው ሄድኩ። ሰውየውን ሲነስረው አድሮ ነበር፤ ከንፈሩ ላይ ደሙ ደርቋል። ከተሸከሙት አንዱ ከላይ እስከ ታች አየኝና «እሺ ባዩ እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«ተዋቸው እንጂ፣ እሺ ብሎ የሚቀርማ እኛም አገር ሞልቷል» አለ በሽተኛው ዓይኑን ሳይገልጥ። ቀጠለናም፦ «ትናንት ጠዋት እኮ ወደ ገንዳ ውሃ የሚሄድ ትራክተር አልፎን ነበር። ባለ ትራክተሩ ጫኑት ሲል፣ መኪና እሺ ብሎናል ብለን ሸኘነው።»

ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር አልጠበቅኳትም። ሰርቨሬ ሰዓት መሳሳቱን አውቄአለሁ። በእሺታው ሌላውን በር መዝጋቱን ግን አላሰብኩም ነበር። አልገባኝም ቢል ኖሮ ሰውየው ያን ዕለት ቀትር ሳይሆን ገንዳ ውሃ በደረሰ። ጎንደር ብዙ ሳምንት ተኝቶ ዳነ፤ መዳኑ ግን ለእኔ ምስክር አይሆነኝም።

እንደተመለስኩ ያቺን መስመር አጠፋኋት። ከዚያ ወዲህ እርግጡ ያልታወቀ ሰዓት የላከ ሁሉ «400፤ ጠዋት ነው ከሰዓት?» የሚል መልስ ይደርሰው ጀመር። አለቃዬ ሳምንት ሳይሞላ ጠራኝ።

«ኮምፒዩተርህ ክርክር ጀመረ አሉ። ነርሶቹ አማረሩ።»

«ይከራከር።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሥራችን ማስተናገድ ነው። እሺ ይበልጣል ከሺህ።»

«ሁለት መቶ ናት» አልኩት። አልገባውም፤ እንዳልገባው ግን አልነገረኝም። ራሱን ነቀነቀና «እሺ» አለ።

አማራሪዎቹ እውነት አላቸው። ጥያቄን ዳግመኛ መላክ ማለት ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ዳግመኛ መውጣት ነው፤ ሲስተር ሁለቴ ወጥታ የላከችልኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ግን ልብ በሉ፤ ለሁለት ዓመት ማንም ያልነካው ወረቀት በዚያው ወር ተስተካከለና «ጠዋት ወይም ከሰዓት» የሚል ገባበት። የእኔ ቸርነት ጉድለቱን ሸፍኖ ያኖረው ነበር። የሀውንና የሐውን ቸርነት አልነካሁትም፤ በየትኛውም ቢጻፍ የሚያደርሰው አንድ ቦታ ነውና። ሁለት ቦታ በሚያደርሰው ላይ ግን መገመት በሰው ገላ መቆመር ነው።

ሰርቨር የምትሠራ ከሆነ የምትገምተዋን መስመር ዛሬውኑ አጥፋት። የማትሠራ ከሆነም ያልገባህን እሺ አትበለኝ፤ አልገባኝም በለኝና የሚያልፈው ትራክተር ሳያመልጠኝ ልሳፈርበት።