ማብሪያውን ማን ይይዛል?

ወደ ዱባይ ልሄድ ከሐረር የወጣሁት በማለዳ አውቶቡስ ነው፤ የተሰናበትኩት ግን በዋዜማው ምሽት፣ ያውም ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ አቦከር ባለው ቤታችን ጎረቤቱን ሰብስባ ራት ካቀረበች በኋላ፣ "አባትህ ዛሬም ቀሩ! ሂድና ጥራቸው" አለችኝ። የት እንዳሉ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ሸዋ በር ሄጄ ሐጂ ዩሱፍ ወፍጮ ቤት ስገባ አባቴ ሸሚዛቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው ከሞተሩ ኋላ ተንበርክከዋል። ቺንጋው፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ ማለት ነው፣ ወልቋል። ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "መጣህ? ያዝልኝ" አሉ።

"ያዝልኝ" ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ፤ የማወራችሁ ነገር ሁሉ በዚያ ላይ ነው የቆመው። ወፍጮው ያለው በውስጠኛው ክፍል ነው። ማብሪያው ደግሞ እህል ያመጡ ሰዎች ተራ በሚጠብቁበት በፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ። አባቴ እጃቸውን ወደ ቺንጋው ሲያስገቡ፣ የቸኮለ ሰው ሳያውቅ እንዳያበራው አንድ ሰው ማብሪያው ላይ እጁን ጭኖ መቆም አለበት። ያ ሰው ከተማሪነቴ ጀምሮ እኔ ነበርኩ። አባቴ የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ጫፍ የለውም። ሠራዊቱ እስኪበተን ድረስ የጦሩ መካኒክ ስለነበሩ፣ በጦርነት የጠፋ ነው ብለን እናስብ ነበር። ጠይቀን ግን አናውቅም። የሰፈራችን ልጆች አባታቸውን እየተሟገቱ ነው ያደጉት፤ እኛ ቤት አባት አይጠየቅም።

ሐጂ ዩሱፍ ዱቄት የለበሰ ኮፊያቸውን እያራገፉ፣ "አቦ ሃምሳ አለቃ! ይህን ልጅ ዱባይ ልከው ምን ሊያስይዙት ነው? ከማብሪያ በቀር ምን ይዞ ያውቃል?" አሉ። ቀጥለውም፣ "ወላሂ ቢቀር እኔው ደመወዝ እጨምርለት ነበር።"

"እስከ ዛሬ የት ነበሩ ሐጂ?" አለች ከረጢቷ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት። ሁሉም ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። ጨርሰው ተነሱና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ "በቃ፣ ልቀቀው" አሉኝ። ማብሪያውን ለቀቅሁት። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ "እዚያ ሽማግሌ ሲሠራ ቆመህ እይ። አፍህን አትክፈት። ሥራ የሚሰረቀው በዓይን ነው።"

እኔ ኤሌክትሪክን በዓይን ብቻ አልሰረቅሁም። ፈረስ መጋላ ያለው ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ፣ እየተቋረጠ የሚጫን ቪዲዮ እየጠበቅሁ፣ የቆመውን ምስል እየሳልኩ ነው የተማርኩት። ዱባይ ላለ የጥገና ድርጅት ያመለከትኩትም እዚያው ወንበር ላይ ነው። የረዳት ኤሌክትሪሺያን ቪዛ መጣልኝ።

ቦሌ ላይ ፓስፖርቴን የያዘው ሰው አገላብጦ አየኝ።

"ሥራህ ምንድነው?"

"ወፍጮ ጥገና።"

"ዱባይ ወፍጮ አለ?"

"የምሄደው የአየር ማቀዝቀዣ ሞተር ልጠግን ነው።"

"ታዲያ ለምን ወፍጮ አልከኝ?"

"የጠየቁኝ ሥራዬን ነዋ።"

ማኅተሙን አንስቶ ትንሽ አሰበ። "ሂድ እስቲ። ስንዴ እንኳ የላቸውም፤ አሸዋውን ፍጭላቸው።"

ከዱባይ አየር ማረፊያ በር ስወጣ የተቀበለኝ ሙቀት ድሬዳዋን ነፋሻማ አስመሰላት። የማደርበት ከዱባይ አጠገብ ባለችው ሻርጃ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ በአልጋ ላይ ተደርድሮ የሚከራይበት፣ ቤድ ስፔስ የሚሉት። አከራያችን ዘውድነሽ የምትባል የድሬዳዋ ሴት ናት። "እትዬ፣ እንደምን አሉ?" ብላት ተቆጣች።

"አንቺ በለኝ አቦ፣ አላረጀሁም! የየት ልጅ ነህ?"

"የሐረር።"

"እሰይ! የሐረር ሰው ውሃ ቆጥቦ ይታጠባል። የላይኛው አልጋ ያንተ ነው።"

"ማቀዝቀዣው ይንጠባጠብበታል እኮ።"

"ሐረር እያለህ ውሃ ለማግኘት ጀሪካን ተሸክመህ ትሰለፍ አልነበረም? ይኸው አልጋህ ድረስ መጣልህ።"

እንዲህ ነው የገባሁት። ጠዋት ከረክ በሚሉት የወተት ሻይ ፓራታ የሚባል ቂጣ እበላለሁ። ፓራታ የፋጢራ የሩቅ ዘመድ ነው፤ እንቁላሉንና ማሩን መንገድ ላይ ጥሎ የመጣ። እናቴ የቋጠረችልኝ የባቢሌ ለውዝ እስኪያልቅ ድረስ ግን አገሬ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ሥራ አልጀመርኩም። ድርጅቱ ሥልጠናውን ያላለፈ ሰው ብሎን እንኳ አያስነካም። ሥልጠናው ግማሹ ኦንላይን ነው፤ በስልክህ ትምህርቱን አይተህ ለጥያቄው ትመልሳለህ። ግማሹ ወርክሾፕ ውስጥ ሽማግሌ አሠልጣኝ ፊት ቆመህ የምትሠራው ነው። ሁለቱን ያላለፈ ቪዛው ይሰረዛል፤ ይመለሳል። ቤተሰቤ እኔን ለመላክ ያደረገውን ሳስብ፣ "ይመለሳል" የምትለውን ቃል አፌ ላይ አላመጣትም ነበር።

አብረውኝ የሚኖሩት ሰዎች ቪዲዮውን ሳያዩ "ኔክስት፣ ኔክስት" እያሉ ያልፉታል። እኔ እያንዳንዱን እየመለስኩ አየሁ፤ የሻርጃ መስመር ስለማይቋረጥ፣ የቆመ ምስል መሳል ለለመደ ሰው ድግስ ነው። አንዱ ትምህርት ስለ ቀይ ጓጉንቸር ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ ፎቶው የተለጠፈበት የራሱ ጓጉንቸር አለው። ማሽን ውስጥ እጅህን ከማስገባትህ በፊት ማብሪያውን ዝቅ አድርገህ ትቆልፋለህ፤ ቁልፉ ኪስህ ይገባል። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያበራው አይችልም። ቪዲዮውን አቁሜ ብዙ ቆየሁ። እኔ ስሠራው የኖርኩትን አንድ ቁራጭ ብረት ይሠራዋል ለካ!

መጨረሻ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ፦ አለቃህ ሳይቆልፍ እጁን ወደ ማሽን ሲያስገባ ብታይ ምን ታደርጋለህ? ሀ፣ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ለ፣ በኋላ አሳውቃለሁ። ሐ፣ ወዲያውኑ አስቆመዋለሁ። ሐን ነካሁ። ሁሉንም አግኝቼ ስሜ ያለበት ሰርተፊኬት ስክሪኑ ላይ ወጣ።

የወርክሾፑ አሠልጣኝ ሚስተር ቶማስ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሕንዳዊ ነበሩ። ሥራ ሲጀምሩ ሸሚዛቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ሲሰቅሉ አባቴን መሰሉኝ። የማቀዝቀዣውን ቺንጋ እንድቀይር አዘዙኝ። መሣሪያ ላነሳ ዞር ስል፣ ማብሪያው ሳይቆለፍ፣ እንደ ቀላል ነገር እጃቸውን ወደ ቺንጋው ሰደዱ።

የሆንኩትን ልንገራችሁ። አልጮህኩም። እግሬ ራሱ ወሰደኝ፤ ሄጄ ማብሪያው አጠገብ ቆምኩና እጄን ጫንኩበት።

"ምን እያደረግህ ነው?" አሉኝ።

"እየያዝኩልዎት ነው።"

"አንተ ጓጉንቸር ነህ?"

"አዎን፣ ሰር" አልኩ። የምሬን ነበር።

ድንገት ከኋላዬ አንድ ሰው "አስቻለው!" ብሎ ጠራኝ። ዞርኩ። ስመለስ ሚስተር ቶማስ በጣታቸው ወደ እጄ ጠቆሙኝ። ማብሪያው ላይ አልነበረም። የጠራኝ ረዳታቸው ነበር፤ እንዲጠራኝ አስቀድመው ነግረውታል።

"ስክሪኑ ላይ ምን ብለህ መለስክ?"

"አስቆመዋለሁ ብዬ።"

"እዚህስ?"

እጄን ማብሪያው ላይ መለስኩ። "አንተ ጥሩ ሰው ነህ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሰው ግን ሲጠሩት ይዞራል። ጓጉንቸር አይዞርም። ወድቀሃል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ዕድል አለህ።"

ማታ ለዘውድነሽ ነገርኳት። ታዝንልኛለች ብዬ ስጠብቅ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ቬንቲሌተር ወደ ራሷ ሳበች። "በኔ ላይ ተለማመድ። ይኸው እጄን ላስገባ ነው። ጩህብኝ!"

"እባክሽ ዘውድነሽ፣ ካላስቸገርኩሽ እጅሽን..."

"ተቆረጠ! አንተ ይቅርታ ጠይቀህ ሳትጨርስ እጄ መሬት ወደቀ። እንደገና!"

"ኧረ ተይ..."

"ሌላኛውም ሄደ! አሁን ኪራይ በምን እቀበልሃለሁ? አቦ ጩህ!"

ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ሳምንቱን በሙሉ ያቺን "ጩህ" የምትል ቃል ተሸክሜ ዞርኩ። በሽማግሌ ላይ መጮኽ የሚባል ነገር እኛ ቤት የለም። አባቴን "ይቆዩ" ብዬ እንኳ አላውቅም።

በሳምንቱ ሚስተር ቶማስ ሸሚዛቸውን ሰቅለው እጃቸውን ሲሰዱ፣ "ስቶፕ!" አልኩ። ወርክሾፑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ከኪሳቸው ቀይ ጓጉንቸር አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ። ፎቶዬ ተለጥፎበታል። "አሁን ሠራተኛ ሆንክ" አሉኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አባቴን የሰደብኩ ያህል አፌን ታጠብኩ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ሐረር ማብሪያውን የሚይዘው አሁን ከድር ነው፤ ሸዋ በር በተሸካሚነት የኖረ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ሰው ሲጠራው ሁለት ጊዜ የሚዞር ሰው። ስለዚህ ለነሱም ሥልጠና ልሰጥ ተነሳሁ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በአማርኛ አጫጭር ቪዲዮ ቀረጽኩ፦ ይኸው ማብሪያ፣ ይኸው የማብሪያው ሳጥን ጆሮ፣ ጓጉንቸሩ እዚህ ይገባል፣ ቁልፉ ኪስ ይገባል። ወደ ከድር ስልክ ላክሁት። ለአገር ቤት መንገደኛም አንድ ቀይ ጓጉንቸር ሰጥቼ ላክሁ። መልሱ ከሁሉም መጣ። ከድር "ገብቶናል አብሽር" አለ። ሐጂ "ማሻአላህ፣ ድምፅህ እንዴት ጠራ!" አሉ። አባቴ "ደርሶናል" አሉ ተባልኩ። ጥቂት ቆይቼ ለሐጂ ስደውል፣ "የላክኸው ጓጉንቸር ወላሂ ጠንካራ ነው!" አሉኝ። "የዱቄቱን መጋዘን ቆልፈንበታል። ሌባ ተስፋ ቆርጧል።"

ስልኩን ዘግቼ ሳቅሁ። "ገብቶኛል" ማለት እኛ አገር አንዳንዴ "እግዜር ይስጥልኝ" ማለት ነው። ለስክሪን "ሐ" ብሎ መመለስ እንደማይበቃ ደግሞ ከኔ የበለጠ ምስክር የለም። በቪዲዮ ልልከው ያልቻልኩት ያንን የሚስተር ቶማስን ወርክሾፕ ነው፤ ከኋላህ ተጠርተህ የምትዞርባትን ቅጽበት።

አንድ ዓርብ ሥራ ስላልነበረኝ ለከድር በምስል ደወልኩ። ሐጂ ለጁምዓ ሄደዋል፤ ወፍጮው የሚጠገነው ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። የከድር ጥርስ ስክሪኑን ሞላው።

"አስቻለው! አሰላሙ አለይኩም! ወፍረሃል እንዴ? ሃምሳ አለቃ ውስጥ እየሠሩ ነው፤ ቆይ ላሳይህ።"

ምስሉ መወዛወዝ ጀመረ። የፊተኛው ክፍል፣ ከረጢቶች፣ የበሩ መቃን፣ ከዚያ የአባቴ ጀርባ። ካናቴራቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷቸዋል። ከስተዋል። ሸሚዛቸው ሚስማሩ ላይ ነው። እንዴት እንደናፈቁኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ቀኝ እጃቸው ወደ ቺንጋው ሲገባ አየሁ።

"ከድር፣ ማብሪያውን ማን ይዞታል?"

"አሁን እመለሳለሁ አቦ፣ አንዴ እያቸው ብዬ ነው..."

ከፊተኛው ክፍል የሴት ድምፅ መጣ። "ተጠገነ እንዴ? ላብራው?"

"አባባ፣ ያቁሙ! እጅዎን ያውጡ!"

ሻርጃ ያለው ክፍላችን ውስጥ የተኙት ሁሉ ተነሥተው ተቀመጡ። በዚያ በኩል ሞተሩ አልተነሣም። ሴትዮዋ በጩኸቱ ደንግጣ በሩ ላይ መጥታ ቆማለች፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋለች። አባቴ እጃቸውን አወጡ። ቀስ ብለው ተነሡ፤ በጨርቅ ጠረጉት፤ ወደ ስልኩ መጡ።

"ማን ላይ ነው የጮህከው?"

"እርስዎ ላይ ነው፣ አባባ።"

ይዘጉብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ይልቅ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ያቺን ጎደሎ ጣት ስክሪኑ ላይ አመጡልኝ።

"ያኔ ማብሪያውን የያዘልኝ ወንድሜ ነበር" አሉ። "ጎበዝ ልጅ ነበር። አንድ ሰው ስሙን ጠራው።"

ሌላ አልጨመሩም። ወንድም እንደነበራቸው ከዚያ በፊት አልሰማሁም። ከዚያ ዞር ብለው፣ "ከድር፣ ያንን የአስቻለውን ጓጉንቸር ከመጋዘኑ ፍታና አምጣልኝ" ሲሉ ምስሉ ቆመ። ፊታቸው በግማሽ ዞሮ፣ አፋቸው በግማሽ ተከፍቶ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ እሱም ጠፋ።

መልሼ ደወልኩ። "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም" አለችኝ ያቺ የምታውቋት ሴትዮ። የከድር ባትሪ ይሁን፣ መስመሩ ይሁን፣ መብራት ሄዶ ይሁን አላውቅም። ጓጉንቸሩ ማብሪያው ላይ ይግባ አይግባ እስካሁን አላየሁም። ኪሴ ውስጥ ያለውን የራሴን ቁልፍ ጨብጬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐረር መብራት ጠፍቶ ይሁን ብዬ ተመኘሁ። መብራት ከሌለ ቺንጋው አይዞርም። ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ የአባቴን እጅ የሚነካው የለም።