ልጓሙን የሚያኝከው ዊልፍ

ዊልፍሬድ ስኬልተን እንግሊዝ አገር ዮርክሻየር ውስጥ፣ በሚስተር ሃርግሪቭ የእሽቅድምድም ፈረሶች ጋጣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፋንድያ ጠርጓል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሽማግሌው ሃርግሪቭ፣ የአሁኑ ጌታችን አባት፣ «አንድ ቀን ትጋልብልኛለህ» ብሎት ነበር። ሰውየው ሞተ፤ ዊልፍ ግን ቃሉን እንደያዘ ቀረ።

እኛ የጋጣው ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ስንለው መልሱ አንድ ነው፦ «ልጓሜን እያኘክሁ ነዋ!» ለመሮጥ የቸኮለ ፈረስ ልጓሙን ያኝካል፤ በእንግሊዝኛ በጉጉት ልቡ የተሰቀለ ሰው እንዲያ ይላል።

ቀልዱን ያመጣው የጋጣው አለቃ ዴሪክ ነው። ከቢሮ ወረቀት ሰርቆ፣ ዊልፍ በነሐሴው ውድድር እንደሚጋልብ በታይፕ ጻፈ። የጌታችንን ፊርማ አስመስዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

«ለመጋለብ ስድስት ኪሎ መቀነስ አለብህ፣ ሽማግሌው» አለው ዴሪክ ደብዳቤውን ሲሰጠው።

«ዘጠኝ እቀንሳለሁ።»

ሦስት ሳምንት በሻይና በደረቅ ዳቦ ኖረ። እንዲያልበው ፕላስቲክ ለብሶ በዚያ የእንግሊዝ በጋ ሙቀት ዳገቱን ይሮጣል። አንገቱ የዶሮ አንገት አከለ። አንዳችንም «ተው» አላልነውም፤ እንዲያውም ስንት ኪሎ እንደሚወርድ በቢራ ተወራረድን።

የውድድሩ ዕለት እህቱ ሰፍታ በፖስታ የላከችለትን የጋላቢ ሐር ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ግቢው ውስጥ ተሰልፈን ጠበቅነው።

«ፈረሴ የታለ?» አለ።

ዴሪክ ልጓም አንስቶ አፉ ላይ ደቀነበት። «ፈረሱ አንተ ነህ። እንካ አኝከው፤ ስታወራ አይደል የኖርከው?»

ሳቅን። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ። ዊልፍ የእያንዳንዳችንን ፊት አየ፤ ከዚያ አፉን ከፈተ። ዴሪክ ብረቱን አስገባለት፣ ጠፍሩንም ከጆሮው ኋላ አሰረለት። ዊልፍ ልጓሙ አፉ ውስጥ እንዳለ ወደቀ።

ሆስፒታል ያዩት ሐኪሞች በረሃቡና በላቡ ኩላሊቱ ተጎድቷል አሉ። ሚስተር ሃርግሪቭም ባልዲ የማያነሳ ሰው ምን ይሠራልኛል ብሎ ከጋጣው በላይ ካለችው ክፍሉ አስወጣው።

እህቱ ልትወስደው መጣች። ዊልፍ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ «አሸንፎ ነበር እንዴ? ብጠይቀው አይመልስልኝም» አለችኝ።

«ሁለተኛ ወጥቷል» አልኳት።

ደስ አላት። እጄን ጨብጣ አመሰገነችኝ።