ከአጥሩ ውስጥ የተቆረጠው ቅጠል

ኤርካሎን ዘበኛ አድርጎ የቀጠረው ሰው ወይ ኤርካሎን አያውቀውም፣ ወይ ዘበኝነትን አያውቅም። ከሶዶ እስከ ቦዲቲ የሚያውቁት ሁሉ ያሉት ይህንኑ ነው። ዘበኛ ማለት «አይቻልም» እያለ እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው፤ ኤርካሎ ደግሞ ይህችን ቃል አስተካክሎ ተናግሯት አያውቅም። በዝናብ መሃል ጃንጥላውን ለመንገደኛ ሰጥቶ፣ እሱ እየበሰበሰና እየዘመረ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። ሚስቱ ሣራ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በዓል የምታጠራቅመውን ቅቤ የምትደብቀው ከሌባ ሳይሆን ከእሱ ነው።

የሚጠብቀው እንሰት ነው። ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የምርምር ጣቢያ፣ በሽቦ አጥር የተከበበ የእንሰት ማሳ አለ፤ የበሩ ቁልፍ የሚውለው በኤርካሎ አንገት ላይ ነው። እንሰት ለምን ይታጠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጠውልግ የሚባለውን በሽታ ያላየ ነው። አጠውልግ ጓሮ ከገባ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይዝላል፣ ግንዱ ሲቆረጥ መግል የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። አንዱን ጓሮ የቆረጠ ቢላ ሌላውን ጓሮ ይበክላል። የሣራም ጓሮ እንዲሁ አለቀ። ከአማቷ የተረከበችውን እንሰት ኤርካሎ በገዛ እጁ እየነቀለ ሲቀብር፣ እሷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሰው እንደሞተባት አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ዘበኝነቱን የተቀበለው በዚያው ሰሞን ነው።

በአጥሩ ውስጥ ያለው እንሰት ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹ ከማያቃጥለው ቃሪያ ዘረመል ወስደው አስገብተውበታል፤ በሽታውን እንዲቋቋም ነው። ኤርካሎ ይህን ለጎረቤቱ ለሚልክያስ ሲያስረዳው ሚልክያስ «ቃሪያ» የምትለዋን ብቻ ሰምቶ አፉን ያዘ።

«እና ቆጮው ያለ ዳጣ ሊያቃጥለን ነዋ!» አለ። ሥጋ ያለ ዳጣ የማይበላበት አገር ሰው ስለሆነ፣ ያ ድልህ ሳይቀርብ የሚያቃጥል ምግብ ቢመጣ ብዙም የሚከፋው አይመስልም ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ያሬድ ኤርካሎን ሲቀጥረው ሕጉን ተቀምጦ ነግሮታል። «ጋሽ ኤርካሎ፣ ይሄ በሕጉ ልውጥ ሕያው ይባላል። ለሰውም ለመሬትም ጉዳት እንደሌለው እስኪረጋገጥ ድረስ ከአጥር መውጣት የለበትም። አንድ ነገር ወጥቶ ቢገኝ የሙከራው ፈቃድ ይሰረዛል፣ ያለው ሁሉ ተነቅሎ ይቃጠላል። ለልጆቻችን የምናወርሰው ነገር ስለሆነ መጠንቀቅ አለብን።»

«ገባኝ» አለ ኤርካሎ። «ችግኝ አይወጣም።»

እውነትም ችግኝ አልወጣም። እንዴት እንዳልወጣ ግን ያየ ይስቃል። በወላይታ የእንሰት ችግኝ የለመነ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ ጎጆ የሚወጣውም፣ ጓሮው ያለቀበትም ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል። አሁን ደግሞ የሁሉም ጓሮ እየጠወለገ፣ ከሽቦው ወዲያ ያለው ብቻ ለምልሞ ይታያል። ሰው መጣ። ኤርካሎ «አይቻልም» ማለት ያቅተውና ያስላል፣ ስለ አየሩ ያወራል፣ መዝሙር ይጀምራል፤ መጨረሻ ላይ በችግኙ ፈንታ ያለውን ይሰጣል። ሚልክያስ ሲመጣ ኮቱን ሰጠው። ሌላዋ ምሳውን ይዛ ሄደች። ሌላው ሸንኮራውን።

«አንድ ቀን አጥሩን ጠብቀህ ራቁትህን ትመጣለህ» አለችው ሣራ።

ይሁን እንጂ ያን አጥር ከማንም በላይ የምትጓጓለት ራሷ ሣራ ናት። ማታ ማታ ራት ስታቀርብ «ዛሬስ እንዴት ዋሉ?» ትለዋለች፤ ስለ እንሰቶቹ መሆኑ ነው። «ቆመዋል» ሲላት ፊቷ ይፈካል። ለኤርካሎ የዚያ ማሳ ነገር ከዚህ የተለየ ትርጉም አልነበረውም፤ ሚስቱ ዳግመኛ ጓሮ እንዲኖራት ይፈልጋል፣ በቃ።

የሙከራው ፈቃድ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰና ተቆጣጣሪዎች ከአዲስ አበባ መጡ። መሪያቸው ወርቅውሃ የምትባል የሕግ ባለሙያ ነበረች፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ዓይኗ ግን መርፌ። አጥሩን ዞረች፣ ሽቦውን በእጇ ነካች፣ ቁልፉን ከኤርካሎ አንገት ላይ አየች፣ ችግኝ የለመነ ሰው መጥቶ እንደሆነ ጠየቀችው። «መጥቷል፤ አልሰጠሁም» አላት። ኮት እንደሰጠ አልነገራትም፤ አልጠየቀችውማ። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ተገኘ። ዶክተር ያሬድ ከጠዋት ጀምሮ ተጨማዶ የነበረው ግንባሩ ተፈታ።

እንግዳ ደግሞ ሳይበላ አይሄድም። ጥሬ ሥጋው ከቦዲቲ መጣ፣ ዳጣው ተፈጨ፣ ሴቶቹ ቆጮውን ጋገሩ። ኤርካሎ ቅጠል እንዲያመጣ ተነገረው፤ ለክቡር እንግዳ ሥጋ የሚቀርበው በእንሰት ቅጠል ላይ ነው። እሱም ደስ ብሎት ሄደ። ቢላውን በእሳት አሳለፈ፣ ሰፋፊውን መርጦ ቆረጠ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወለወለ፣ አነጠፈ። መዘምር ነውና ማዕዱንም የባረከው እሱ ነው፤ ጸሎቱ ሥጋው እስኪሞቅ ድረስ ረዘመ። ከዚያ እንግዶቹን እየዞረ አጎረሰ። ከዚያ ቀን የበለጠ የተደሰተበትን ቀን አያስታውስም ነበር።

ወርቅውሃ የሥጋውን ጫፍ ዳጣ ውስጥ ነክራ ከዋጠች በኋላ ቅጠሉን በጣቷ ዳሰሰችው። «መንገዱን ሙሉ ያየሁት እንሰት ቢጫ ነው፤ ይሄ ግን እንዴት ያምራል!»

ኤርካሎ በኩራት ሊመልስ አፉን ከፈተ። ያኔ ነው ትዝ ያለው።

የቆረጠው ከአጥሩ ውስጥ ነበር። በሩን በገዛ ቁልፉ ከፍቶ፣ ቆርጦ፣ ወጥቶ፣ መልሶ ቆልፎ፣ መቆለፉንም ነቅንቆ አረጋግጧል! ስንቱን ለማኝ በሳልና በመዝሙር የመለሰ ሰው፣ ቅጠሉ «አንድ ነገር» ከሚባለው ውስጥ ይቆጠራል ብሎ አላሰበም። ቅጠል ለሱ ሳህን ነው። ሳህን ደግሞ ማን ይቆጥራል?

«ከገበያ ነው» አለ ዶክተር ያሬድ፣ ምንም ሳያውቅ፣ እየሳቀ። ነገሩ እዚያው ሊያልፍ ይችል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ኤርካሎ ዝም ቢል ማን ይጠይቀዋል? ፈቃዱ ይታደሳል፣ ሣራም ጓሮዋን ትጠብቃለች። ቢናገር ግን ያ ለምለም ማሳ ሁሉ እሳት ነው። ግን ደግሞ ሴትዮዋን በገዛ እጁ አጉርሷታል፤ ያጎረሱትን ሰው መዋሸት አልሆነለትም።

ተነሥቶ ቆመ። «ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቅጠሉ የውስጥ ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ዶክተር አያውቅም።»

አንደኛው ተቆጣጣሪ የጎረሰውን መዋጥ ወይም መትፋት ቸግሮት ጉንጩን ነፍቶ ቀረ። ያሬድ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ወርቅውሃ ግን እጇን ጠረገችና «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች። «ሥሩ ተነቅሎ ወጥቷል?»

«አልወጣም።»

«ለሌላ ሰው የተሰጠ አለ?»

«የለም።»

«እንስሳ በልቶታል?»

«ኧረ እሱንስ ከእናንተ በቀር ማንም አልነካው።»

ወርቅውሃ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። ባልደረቦቿም ተከተሏት፤ ጉንጩ የተነፋው ሰው እንኳ በግድ ውጦ ሳቀ። ኤርካሎ ግን አልሳቀም። «እባክዎ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔን ያባርሩኝ፤ ተክሉን አያቃጥሉት» አለና ዓይኑ እንባ ሞላ። «ሚስቴ እሱን ነው የምትጠብቀው።»

ያኔ እሷም ሳቋን ተወች። ቅጠል እንደማይበቅል፣ አደጋውም ትንሽ እንደሆነ፣ ነገር ግን ሕግ በሳቅ እንደማይታለፍ፣ ውሳኔውም ከአዲስ አበባ እንደሚመጣ በቀስታ ነገረችው። ቅጠሎቹ ተለቅመው በአጥሩ ውስጥ ተቃጠሉ። ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችው፦ «ለመጡት ሰዎች ችግኙን ካልሰጧቸው፣ ምን ብለው መለሷቸው?»

«ለአንዱ ኮቴን ሰጠሁት፤ ለሌላዋ ምሳዬን…» ሸንኮራውንም ጨመረ። እሷም ያለውን በደብተሯ ላይ ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለኤርካሎ ከባድ ነበሩ። ሣራ «ዛሬስ እንዴት ዋሉ?» ስትለው «እስካሁን ቆመዋል» ይላል። ነገሩን ሁሉ ነግሯታል፤ አልተቆጣችውም። «ብትዋሽ ኖሮ በእንሰቱ አልደሰትም ነበር» አለችው፣ ያም ሆኖ ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

ውሳኔው የመጣ ጠዋት ያሬድ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበ። ሙከራው ይቀጥላል፣ ግን በሁለት ቅድመ ሁኔታ። መጀመሪያ፣ ሕጉ ለሠራተኛውም ለጎረቤቱም በወላይትኛ እንዲነገር፤ ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ ግንዱ እየተባለ። ሁለተኛው የወርቅውሃ ሐሳብ ነበር፤ ሰው የሚለምነውን የሚያገኝበት በር ከሌለው አጥሩን ያልፋል ብላ ነበር። ስለዚህ ጣቢያው ከአጥሩ ውጭ፣ ከአጠውልግ የጸዳ የዱሮው የእንሰት ዝርያ እያፈላ ለጎረቤት በነጻ እንዲያድል፣ የእንግዳ ቅጠልም ከዚያው እንዲቆረጥ ተወሰነ።

«የሚያድለው ሰው ማን ይሁን?» አለ ያሬድ፤ ሁሉም ወደ ኤርካሎ ዞረው ሳቁ። ኤርካሎ ግን ቆሞ መዘመር ጀምሯል።

ችግኞቹ ከሃላሌ በኩል፣ በሽታው ካልነካው ደጋ መጡ። የመጀመሪያዎቹን ሣራ ወሰደች፤ ሰልፉን ሳትጠብቅ መውሰዷን ማንም አልተቃወመም። ዕደላው በተጀመረ ቀን ኤርካሎ ላብ እስኪያጠምቀው ሰጠ፤ ለእያንዳንዱ «ቢላችሁን በእሳት አሳልፉ!» እያለ። ከበዴሳ ድረስ የመጣች ዓመለወርቅ የምትባል አሮጊት ችግኞቿን ተሸክማ ሳለ ከሽቦው ወዲያ አየች።

«የኔ ልጅ፣ ያኛውስ መቼ ነው የሚሰጠን?»

«ደህና መሆኑ ተረጋግጦ ሕጉ ሲፈቅድ ነው፣ እናቴ። ላይፈቅድም ይችላል» አላት ኤርካሎ። «ከፈቀደ ግን ቀድመው ይሰለፉ፤ እኔና ሣራ ከኋላዎ እንቆማለን።»

«ሎኦ» አለች፤ መልካም ማለቷ ነው። መረቀችውና ችግኟን በትከሻዋ ይዛ ወደ መንገዱ ወረደች።