የጋሽ ታደለ ቅኝት

አገሬን ለቅቄ በወጣሁበት ምሽት ሻንጣዬን የዘጋችው እህቴ ናት፤ ጊታሬን የቃኘልኝ ግን ጋሽ ታደለ ነው። ስኳር ዓይኑን ከወሰደበት ወዲህ ከቤት አይወጣም ነበር። ያን ቀን በሰው ተመርቶ መጣና ሰፈሩ ሊሸኘኝ በተሰበሰበበት ሳሎን ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ እያንጎራጎረ ክሮቹን አንድ በአንድ ወጠራቸው። በመሣሪያ አይደለም፣ በጆሮው ነው። ሲጨርስ "ይኸውልህ ብሩክ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካብህ። እዚያ የሚጠብቁት ይሄንን ነው" አለኝ። ማን እንደሚጠብቀኝ እኔም አላውቅም ነበር። የወጣሁት በዲቪ ነው፤ ዲቪ ደግሞ ጊታር ትችላለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ጋሽ ታደለን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጋሼ እያልኩ አንተ የምለው አስተማሪዬ ነው፤ በወጣትነቱ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። ነፍሱ ያለችው እንግሊዞቹ የሮክ ጊታሪስቶች ዘንድ ነው፤ ያውም ከታወቁ በኋላ ባሉት አይደለም። "ከታወቁ በኋላማ ማን አይጫወትም" ይል ነበር። እሱ የሚወደው የመጀመሪያ ባንዶቻቸውን ነው፤ ገና የሥዕል ትምህርት ቤት ልጆች ሳሉ፣ በውሰት የድምፅ ማጉያ፣ በየመጠጥ ቤቱ ምድር ቤት የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ ሲለማመዱ የነበሩበትን ጊዜ። ከሁሉም አስበልጦ የሚያወራልኝ ስለ አንድ ባንድ ነበር። ሦስት ታላላቅ ጊታሪስቶች በየተራ አልፈውበታል። አንደኛው ዘፈናችሁ ለገበያ ሆነ ብሎ ተቀይሞ ወጣ፤ ሁለተኛው በጉዞ መሃል ተለያቸው፤ ሦስተኛው ባንዱ ሲፈርስበት ከፍራሹ ላይ ዓለምን ያንቀጠቀጠ ሌላ ባንድ ሠራ። አዲስ አበባ የነበረን የሰፈራችን ባንድም እንደዚያው ነበር። መጀመሪያ ጋሽ ታደለ፣ ቀጥሎ ዱባይ ሄዶ የቀረ አንድ ልጅ፣ ከዚያ እኔ። ሦስተኛው እኔ ነኝ እንግዲህ። ጋሽ ታደለ ይህን ሲያወራ አይቀልድም ነበር።

ሲያትል አየር ማረፊያ ወረቀቴን የተቀበለኝ መኮንን የጊታሩን ሳጥን አየና ሥራዬን ጠየቀኝ። ጊታሪስት ነኝ አልኩት። "እዚህ ከተማ የጠፋው ጊታሪስት ያልሆነ ሰው ነው" አለኝ፣ ፊቱ ፈገግ ሳይል። "መኪና ትነዳለህ?" እነዳለሁ አልኩ። "እንግዲያው አትራብም" ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። ለቀልድ ያለው መስሎኝ ነበር። ይኸው ከዚያው አየር ማረፊያ አጠገብ፣ ከመኪና ማቆሚያ ተሳፋሪ የሚያመላልስ አውቶቡስ እነዳለሁ።

ቤቴ ሲያትል አጠገብ ሬንተን ነው፣ እትዬ አስካለ ግቢ፣ ምድር ቤት። ደግ ሴት ናቸው፤ ሽሮ ሲሠሩ ሳያቀምሱኝ አይበሉም። ጊታሩን ግን ገና በሩ ላይ ሳለሁ ነው በዓይናቸው ያስወጡት። ዐቢይ ጾም ነበር። "ሶ፣ ልጄ፣ በገና ቢሆን ምንም አልልህም" አሉኝ። "ይሄ ኤሌክትሪክ ነገር ግን በጾም አይሆንም፣ ኦኬ?" ፋሲካን ጠበቅኩ። ፋሲካ መጣ፣ ዶሮው ተበላ፣ ጊታሬን አወጣሁ። "አሁን ደግሞ ጎረቤቱ አለ" አሉ። "ኮምፕሌን ካደረገ የሚመጣው ፖሊስ ነው።" ስለዚህ የምለማመደው መኪናዬ ውስጥ ሆነ፣ የጊታሩን አንገት በመስኮት አውጥቼ።

ዝናቡን አትጠይቁኝ። የእኛ ክረምት ተቆጥቶ፣ ነጎድጓዱንና በረዶውን አውርዶ ይወጣለታል። የዚህኛው አኩርፎ ነው የሚዘንበው፤ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቃል አይናገርም። መስኮቱ ስለማይከፈት ልምምዱ ቀረ። ልምምዱ ሲቀር ጣቶቼ ለሰለሱ። የጊታር ሰው የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ ይደድራል፤ ያ ድድር ነው መታወቂያው። አንድ ቀን አውቶቡሱን አቁሜ ጣቶቼን ብነካቸው እንደ ሕፃን ጣት ሆነዋል። እዚያው መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ ደሃ ነበርኩ፣ ግን ማን እንደሆንኩ አውቅ ነበር።

ጊታሩን ከወንበሬ ጀርባ ይዤው እዞራለሁ። አንድ ቀን የተሳፈረ ሽማግሌ አየውና ወሬ ጀመረኝ። ግሬግ ይባላል። አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ሜካኒክ ሆኖ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ከጓደኞቹ ጋር የድሮ የእንግሊዝ ሮክ የሚጫወት ባንድ አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬንተን አንድ መጠጥ ቤት ይጫወታሉ። ጊታሪስታቸው ልጁ ወዳለበት ከተማ ሄዶባቸዋል። ዘፈኖቹን ሲዘረዝርልኝ ማመን አቃተኝ፤ ሁሉም ጋሽ ታደለ እያሰማ ያስተማረኝ ካሴት ላይ ያሉ ናቸው። ቅዳሜ ረፋድ ጋራዣችን ና፣ እንይህ አለኝ። ይህች ቅዳሜ ካመለጠችኝ ጊታሩን ሸጬ ሹፌር ብቻ ሆኜ እኖራለሁ ብዬ ወሰንኩ። ለጋሽ ታደለ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። "አላልኩህም?" ብቻ ነው ያለኝ።

ጋራዡ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ጠበቁኝ። ግሬግ ጊታር አንገት ላይ የሚሰካ ትንሽ መቃኛ መሣሪያ ሰጠኝ። አያስፈልገኝም አልኩት፣ ኮራ ብዬ። የመጀመሪያው ክር ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚያ ወርዶ አያውቅም። በጆሮዬ ቃኘሁና ጀመርን። ሁለት ሬዲዮ ባንድ ላይ የተከፈተ ይመስል ነበር። ቆምን፣ እንደገና ጀመርን፣ ያው ሆነ። እናንተ ወርዳችኋል አልኳቸው። ግሬግ የዘፈኑን የመጀመሪያ ቅጂ ስልኩ ላይ ከፈተው። ከእነሱ ጋር ልክ ነው። እኔ በአንድ ፍሬት፣ በጊታሩ አንገት ላይ ባለች አንዲት እርከን፣ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብያለሁ።

ስልክ ላይ የሚከፈት ዘፈን ድምፁ ይላላል አልኩ። እንዲህ ያለኝ ጋሽ ታደለ ነው፤ ዘፈኖቹን ስልክ ላይ ሰምቼ ዝቅ ሲሉብኝ የዘመኑ ዕቃ ነው፣ ተወው ብሎኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ግሬግ ከየት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። ፒያሳ ካንድ ሱቅ ከተቀዳ ካሴት አልኩት። "ሲቀዳ ዋናውን ያጫወተው ማሽን ሞተሩ ይቸኩል ነበር" አለ። "ቴፕ ሲፈጥን ድምፁ ይወጣል።" ተከራከርኩት። እንዳልተቆጣ በሚያስታውቅ ድምፅ "እኛ ሁላችን ተሳስተን አንተ ብቻ ልክ ልትሆን ትችላለህ" አለኝ። "ግን መጠጥ ቤቱ ውስጥ የምንጫወተው እኛ ነን። ለሚቀጥለው ቅዳሜ አውርደው።"

አውቶቡሱን እየነዳሁ ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ሱቅ አሰብኩ። አንድ የሚቸኩል ሞተር፣ ከእሱ አንድ ካሴት፣ ከካሴቱ ጋሽ ታደለ፣ ከጋሽ ታደለ እኛ። የባንዳችን ኪቦርድ እንኳ ሁልጊዜ አዝራሯ ተነክቶ፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ ተደርጋ ነበር የምትከፈተው። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኛ ዘንድ ልክ ማለት ያ ነበር። እትዬ አስካለ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ክሮቹን ግሬግ ስወጣ ባስያዘኝ መቃኛ መሣሪያ አወረድኳቸው። ዘፈኖቹ የሞቱ መሰለኝ። ጣቶቼ ያውቋቸዋል፣ ጆሮዬ አያውቃቸውም። እናቱን በሌላ ሰው ድምፅ ስትናገር የሰማ ሰው ምን ይሰማዋል? እንደዚያ ነበር የተሰማኝ።

ቅዳሜ ሄጄ ዝቅ ባለው ተጫወትኩ። ግሬግ ትከሻዬን መታ አድርጎ ባንዱ ውስጥ ገብተሃል አለኝ፤ ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ መድረክ ላይ ከእነሱ ጋር ነኝ። መደሰት ነበረብኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

እሑድ ጠዋት ለጋሽ ታደለ ደወልኩለት፤ እዚያ ምሽት ነው። ተቀበሉኝ ጋሼ አልኩት። ከጀርባው የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሰፈሩን ሰብስቧል። አሰማና አለኝ። ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አስደግፌ የመጀመሪያውን ዘፈን መግቢያ ተጫወትኩ፣ ቅዳሜ እንደተጫወትኩት። ስጨርስ ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ።

"ብሩክ፣ አሞሃል እንዴ?" አለኝ።

ደህና ነኝ አልኩ።

"አይደለህም። ወርደሃል። እንዲህ አድርጌ አልሰጠሁህም።"

አፌ ላይ ነበር። ካሴቱ ነው ጋሼ፣ ማሽኑ ይቸኩል ነበር፣ ዕድሜህን ሙሉ የሰማኸው እነሱ የተጫወቱትን አልነበረም ልለው ነበር። ሰውዬው ዓይን የለው። ጆሮው ብቻ ነው የቀረው። እጄን ሰድጄ የጊታሩን ቁልፎች መጠምዘዝ ጀመርኩ። እሱ በስልክ ያንጎራጉራል፣ እኔ ክሮቹን እሱ ወዳለበት አወጣለሁ። መሣሪያውን ሰክቼ አየሁት፤ መርፌው አንዱም ክር ላይ ዝንፍ አላለም፣ ልክ ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ነው ያለው። እንደዚያ ያለ ጆሮ አይቼ አላውቅም። እንደገና ተጫወትኩ። የዘፈኑ ነፍስ ተመለሰች፤ ዝናቡም፣ አውቶቡሱም፣ የለሰለሱት ጣቶቼም ለዚያች አፍታ ጠፉ።

"ይኸዋ" አለ ጋሽ ታደለ፣ እያለቀሰ። "ይኸዋ ሦስተኛው። እነሱስ እንዴት አሉ ሲሰሙህ?"

ወደዱት አልኩት።

"እንግዲያው ቅዳሜ ስትጫወቱ ስልኩን ክፈትልኝ። ከፈረንጆቹ ጋር እኩል ስትሄድ ልስማና ከዚያ የመጣው ይምጣ። ሰፈሩም ይሰማል። ቃል ግባልኝ።"

ክሮቹ እንደተወጠሩ ጭኔ ላይ ናቸው። ለቅዳሜ መልሼ ማውረድ አለብኝ።

"እሺ ጋሼ" አልኩት።