በባጃጅ እሳት የበረረችው አውሮፕላን

ጎረቤቴ መካኒክ ናቸው። በነቀምቴ ከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ከቤቴ ዝቅ ብሎ ካለው ጋራዣቸው ጓሮ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ አንድ ሰው የምትይዝ አውሮፕላን በአራት ዓመት ሠርተዋል። ክንፏ የእንጨትና የሸራ ነው፤ ሞተሯ ከአሮጌ የቤት መኪና የወጣ። ነቀምቴ ውስጥ መጥቶ ያላያት ሰው ጥቂት ነው። ትነሣለች ብሎ ያመነ ግን ከእሳቸው በቀር እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኤሌክትሪክ እያስተማርኩ ሳለ በክፍሉ በር ብቅ አሉ። ቱታቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ባርሲስቱ፣ አንዴ ነይ» አሉኝ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ በኦሮምኛ «አስተማሪዋ» ማለታቸው ነው። ወጣሁ።

«ትናንት ጉቴ ሜዳ ላይ እያንደረደርኳት ሞተሩ ጸጥ አለ» አሉ እየሳቁ። «ለካንዴላው እሳት ከሚሰጠው ኮይል የምትወጣ አንዲት ሽቦ ተበጥሳ ነው። ደግነቱ ገና መሬት ላይ ነበርኩ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው፣ ጋሼ?»

«እኔማ ሳቅኩ። ያልሳቀችው ባለቤቴ ናት። ሁለተኛ እሳት ካላበጀህላት ከግቢ አትወጣም ብላ የጓሮውን መውጫ በር ቁልፍ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።»

ባለቤታቸው ልክ ነበሩ። መኪና እሳቷ ሲጠፋ መንገድ ዳር ትቆማለች፤ አየር ላይ ግን ዳር የለም። በፋብሪካ የሚሠሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አላቸው፤ አንዱ እሳት ቢሞት ሌላው ያደርሳል። የኛዋ አንድ ኮይልና አንድ ባትሪ ብቻ ነበራት። ዕቃውን ከውጭ ማስመጣት ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ገበያው አጠገብ ቀጥ አለች። ሾፌሩ ወርዶ ከኋላ ከፈተና ከጡጫ የማትበልጥ፣ የካንዴላውን እሳት የምታዝ ጥቁር ሣጥን ነቅሎ በሌላ ቀየረ። ካንዴላውን ብረት አስነክቶ ሞከረው። ሰማያዊ እሳት ጠሽ አለች።

የቀረውን መንገድ በእግሬ ሮጥኩ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝ፤ ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ከሰፈሩበት ገጠር ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ጋራዡ ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጦ «ባጃጅ! ባጃጅ!» ብቻ ነው የምለው።

«ገጨሽ እንዴ?» አሉ ጋሼ ደንግጠው እየተነሡ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ሞተሩን ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ወስደን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለተኛ የካንዴላ ቀዳዳ አስበሳን፤ መሰርሰሪያው ብረቱን ሲበላ ጋሼ ማየት አቅቷቸው ውጭ ቆመው ጠበቁ። አራት የባጃጅ ኮይልና ሁለት ጥቁር ሣጥን አገኘን። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ሣጥኖቹን የምትቀሰቅስ አንዲት የብረት ጉብታ አበጀን። ለአዲሱ እሳት የብቻው ባትሪና የብቻው ማጥፊያ ሰጠነው። ከአሮጌው ጋር አንዲት ሽቦ እንኳ እንዳይጋራ ብዬ ሁሉንም በእጄ ዘረጋሁ።

መጀመሪያ ስንሞክረው ሞተሩ እንደ ጠመንጃ ጮኸ፤ የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። ለካ ሁለት ሽቦ አቀያይሬያለሁ! ለተማሪዎቼ በየቀኑ የምጮኸው እኔ! አስተካክዬ እንደገና አስነሣነው። በሁለቱም እሳት ሲሠራ ድምፁ ወፈረ። ከዚያ ጋሼ ዓይን ዓይኔን እያዩ አሮጌውን እሳት አጠፉት።

ሞተሩ አልጠፋም! በትንሹ ረገብ አለና ቀጠለ።

«ኢቢዳ ቀባ!» ብለው ጮኹ። «እሳት አለው! ባርሲስቱ፣ እሳት አለው!» ግሪስ በነካ እጃቸው ጭንቅላቴን ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ። ባለቤታቸው ከቤት ወጥተው አዳመጡ፤ ደግመው እንዲያጠፉት አዘዙ፤ ደግመው አዳመጡ። ከዚያ መቀነታቸውን ፈቱ።

እሁድ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጉቴ ሜዳ ላይ ሦስታችንም ነበርን። ቀበሌው የፈቀደው መሬት ላይ ማንደርደርን ብቻ ነው፤ የጋሼም ሐሳብ ያው ነበር። ነገር ግን ነፋስ ከፊት መጣ፤ ጎማዎቹም አንድ ጉብታ ረገጡና አውሮፕላኗ መሬቱን ለቀቀች። በጎማዎቹና በሣሩ መካከል ሰማይ አየሁ! የጎጆ ቁመት ያህል ከፍ ብላ ሄደች። ሜዳው መሃል ስትደርስ ድምፁ በትንሹ ረገብ አለ። ጓሮው ውስጥ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ክው አልኩ። ሞተሩ ግን መሥራቱን ቀጠለ። ጋሼ ቀስ ብለው አወረዷት፤ ሁለቴ ነጥራ፣ ተንደርድራ ቆመች።

ሮጥን። ጋሼ ከመቀመጫው ሳይወርዱ «አያችሁኝ? አያችሁኝ?» ይላሉ።

«አንዱን እሳት አጠፉት እንዴ?» አልኳቸው።

«የቱን? እኔ ምንም አልነካሁም።»

የአሮጌውን እሳት ክዳን ስንከፍት እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት የሚያስነሣው ፕላቲን ብሎኑ ላልቶ ክፍተቱ ተዘግቷል። አየር ላይ ነው የሞተው። ጋሼን ያወረዳቸው የባጃጅ እሳት ነበር፤ እሳቸው ግን አላወቁም።

ሲገባቸው ከመቀመጫው ወረዱ። ባለቤታቸው የላላችውን ብሎን በጣታቸው ነካክተው አዩ። ባላቸውን ትከሻቸው ላይ መቱና መልሰው አቀፏቸው፤ ይስቁም ያለቅሱም ነበር።

እኔ በሚኒባስ ወደ ነቀምቴ ተመለስኩ። አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። አጠገቤ ላሉት አዛውንት ስለ ኮይሉ፣ ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ፕላቲኑ ሳላቋርጥ አወራሁላቸው። አማርኛ ይስሙ አይስሙ አለመጠየቄ ትዝ ሲለኝ፣ በኦሮምኛ ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። ሁለቱንም ጊዜ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙኝ።