የጠፈር መርከቦቻችንን የምታመጣጥነው ሃያት

አይደለም በሉኝ። እባካችሁ አንድ ሰው ደውሎ ውሸት ነው ይበለኝ።

ዛሬ ጠዋት ለሥራ ባቱ ነበርኩ። ወንድሟ ጀማል ደወለ። «ዳዊት፣ ሃያት አረፈች» አለኝ። «ጎሽ፣ እንቅልፍ ወሰዳት?» አልኩት። ሰሞኑን እንቅልፍ አጥታ ስለነበር የገባኝ እንደዛ ነው። ከዛ ሲያለቅስ ሰማሁት።

ለማታውቋት፣ ሃያት አዳማ ተወልዳ ያደገች፣ ሞጆ የጉምሩክ ትራንዚተር ቢሮ የምትሠራ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከኔ ጋር የጠፈር ጦርነት ጌም የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ኮዱን እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ታመጣጥናለች። የትኛው መርከብ ምን ያህል ይፍጠን፣ መድፉ ምን ያህል ይምታ፣ ብዙ ሰው አብሮ ሲጫወት እንዴት ማንም ሳይሰለች ይጨርስ፣ ይሄ ሁሉ የሷ ሥራ ነው።

ነበር። ነበር ልበል እንዴ አሁን?

መጀመሪያ ለሰው ያሳየን ቀን ትዝ ይለኛል። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ያለ ጌም ቤት ውስጥ ጓደኞቻችን ስልካቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሁሉም ፕላኔቱን በመድፍ አጥሮ ቁጭ አለ። የሚያጠቃ ጠፋ፣ ምክንያቱም መርከብ የላከ ይሸነፋል። አንዱ ማዛጋት ጀመረ። በመጨረሻ መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ሲቋረጥ ሁሉም እፎይ አለ። እኔ በእፍረት ልሞት ነው፣ እሷ ደረቷን ይዛ ትስቃለች።

«ዳዊት፣ እኛ እኮ ጦርነት አይደለም የሠራነው፣ የግንብ አጥር ነው!»

ደረቷን የምትይዘው ለሳቁ ብቻ አልነበረም። ልቧ ከልጅነቷ ጀምሮ ታማሚ ነው። የቀዶ ሕክምና ተራ ትጠብቅ ነበር። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ ስልኳን የምታይ ትመስላለች። ትንፋሿን እየሰበሰበች እንደሆነ የምናውቀው ጥቂቶች ነን።

ከዛ መድፎቹን አዳከመች፣ መርከቦቹን አጠነከረች። በሚቀጥለው ሙከራ ደግሞ ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛችን ቶላ ገና ሳይጀመር ተደመሰሰ። ሌሎቹ ሲጫወቱ እሱ አንገቱን እያሰገገ የሰው ስልክ ሲያይ ቀረ። ሃያት ጨዋታውን ትታ እሱን ነበር የምታየው።

«የተሸነፈም የሚሠራው ይኑረው» አለችኝ።

«ተሸነፈ እኮ! ይውጣ በቃ።»

«ወጥቶ የት ይሂድ? ጓደኞቹ እዚህ ናቸው።»

እንደዛ ከሆነ ጨዋታው አያልቅም ብዬ ተከራከርኳት። ንቅንቅ አላለችም። ከዛ ቀን በኋላ «የተሸነፈም የሚሠራው ይኑረው» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለቻት፣ እስኪሰለቸን። ፕላኔቱን ላጣ ሰው አንዲት መርከብ ትቅርለት አለች። መሣሪያ የሌላት፣ ግን ፈጣን። ሰው ያልያዘው ፕላኔት ካገኘ እንደገና ይጀምር። መርከቧ እንዳትበረታም እንዳትደክምም ስትለካ፣ ስታፈርስ፣ ስትለካ ከረመች።

ቶላ በዛች መርከብ ያደረገውን በቦታው የነበራችሁ አትረሱትም። ሁለቱ ኃይለኞች እርስ በርስ ሲጨራረሱ፣ እሱ ዳር ላይ ባዶ ፕላኔት አግኝቶ ጸጥ ብሎ ይገነባ ነበር። አዲሶቹ መርከቦቹ ብቅ ሲሉ ጌም ቤቱ ተቀወጠ። ቶላ ወንበር ላይ ወጥቶ «ሃያት፣ ገለቶሚ! ገለቶሚ!» እያለ በጩኸት አመሰገናት። እሷም አብራው ዘለለች። ከዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ምንም አልሆንኩም። ተጫወቱ፣ ተጫወቱ» አለች።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄድኩ። ጋደም ስትል ስለሚያፍናት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ላፕቶፑ ጭኗ ላይ ነው። «መድፉ አሁንም ይበረታል፣ ትንሽ ቀንስልኝ» አለች። ቀነስኩላት። እናቷ እማማ ዘይነባ ወጣ ሲሉ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ዳዊት፣ ፈርቻለሁ።»

«ተራሽ ደረሰ እኮ» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ደርሶ ነበር። ተደውሎላት ሻንጣዋን ሸክፋለች። ሻንጣው ዛሬም በሩ አጠገብ ቆሟል።

ከባቱ ወደ አዳማ ወዲያው ነው የተነሳሁት። መቂ ላይ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተበላሸ። ሌላ እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆሜ ለጀማል ደጋግሜ ደወልኩ። «ቀብሩ ከቀትር፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው» አለኝ። ጀናዛ ሳይቀበር እንደማይቆይ አውቃለሁ። ግን ለመንኩት፣ «ትንሽ ጠብቁኝ፣ በናትህ፣ ትንሽ።» ቆቃን ስናልፍ እሱ ደወለ።

«ቀበርናት ወንድሜ። አንተ ብቻ በሰላም ና።»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም።

ለቅሶ ቤት ስገባ እማማ ዘይነባ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ኢንተላ ኮ» ይላሉ፣ ልጄ፣ ልጄ። ከዛ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንን ሃያት ስታየው የምትውለውን ነገር አሳየኝ እስቲ።» ስልኬን ከፈትኩላቸው። መርከቦቹ ሲሄዱ ብዙ አዩ።

«የልጄ የቷ ናት?» አሉኝ።

ሃያት አንድም ቀን ለራሷ ወገን ይዛ አልተጫወተችም። ሁልጊዜ ከኋላችን ቆማ ማን እንደከፋው ነው የምታየው። ይሄንን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ ለቅሶ ብቻ ወጣ። ልጃቸውን ዛሬ የቀበሩ ሴት እኔን «አይዞህ፣ አይዞህ» እያሉ አባበሉኝ።

ሃያት፣ ከጀማል ስልክ በፊት «እንዴት አደርሽ?» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። እስካሁን አልተከፈተም። ሞኝ ነኝ፣ በየደቂቃው አየዋለሁ። ጌሙን ልቀጥለው ልተወው አላውቅም፣ ነገ ተነስቼ ምን እንደማደርግም አላውቅም። እናትሽን ሰው ከቧቸዋል። አንቺን ግን እዛ ብቻሽን ትተውሽ ተመለሱ፣ ይሄ ነው ልቀበለው ያቃተኝ።

ደህና እደሪ፣ ሃያትዬ።