በቁሜ የተነፋብኝ ጡሩምባ

በሕይወቴ እያለሁ የሞት ጡሩምባ ተነፋብኝ። ያስነፋብኝ ጎረቤቴ ነው፣ የዕድራችን ዳኛ። አጥሬን አልፎ ገብቶ ሳያየኝ፣ ሞቷል ብሎ አስነፋ። በኋላ «ተሳስቻለሁ» ብሎ እንዲያስነፋልኝ ብለምነው ደግሞ እምቢ አለኝ። በደሉ ይሄ ነው።

እኔ አናጺ ነኝ። ያደግኩት እዚሁ አቅራቢያ ቡሬ፣ ጎጆ የወጣሁት መቱ። በር እሠራለሁ፣ አልጋ እሠራለሁ፣ የሬሳ ሣጥንም እሠራለሁ። ሰው ሣጥን ሲቸግረው ያከብረኛል፤ ቀብሩ ካለቀ በኋላ ግን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ይሸሻል። ቁመቱን በዓይኔ የምለካው ይመስለዋል። እውነቱን ነው፣ እለካለሁ።

ዳኛው ጎሬ በጸሐፊነት ሲያገለግል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ስለሆነ፣ ዕድር ላይ ደንቡን ጮክ ብዬ ሳነብ «ቀስ በል፣ ቃሉ እንዳይሰበርብህ» እያለ ያስቅብኝ ነበር። ጋሼ እያልኩ፣ እርስዎ እያልኩ ቻልኩት።

በዚያ መስከረም፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከተማው ውስጥ ጉንፋን መሳይ በሽታ ገባና ሰፈሩን ሁሉ አስተኛው። እኔንም ጣለኝ። ትኩሳቱን ቻልኩት፣ ቁርጥማቱን ቻልኩት። ያልቻልኩት ልቤን ነው። ምንም ሳልሠራ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ግንድ ተሸክሜ የጎሬን ዳገት የወጣሁ ያህል ይደልቃል። ጆሮዬን ትራስ ላይ ሳደርግ ከውስጥ መዶሻ ይሰማኛል። መዶሻን አውቀዋለሁ፤ መቺው ከቸኮለ ምስማሩ ይጣመማል። ይሄም ልብ እንዲህ ሲቸኩል አንድ ቀን ይጣመማል አልኩ።

ማንበብ ባልችል ኖሮ ያን ያህል ባልፈራሁ። ቁቤውን ያስተማረኝ ቀበሌው ነው፣ የአማርኛውን ፊደል አንድ ዲያቆን። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በኦሮምኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ወረፋ ስጠብቅ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ «ልብ በጣም ከፈጠነ» የሚለው ጋ ስደርስ ተራህ ነው ተባልኩ። የቀረውን ሳላነብ ገባሁ። የቀረውን ራሴ ሞላሁት።

ነርሷ ልጅ እግር ናት። ጣቴን በትንሽ መሣሪያ ቆንጥጣ አየች፣ ደረቴን አዳመጠች። «ኦቦ፣ ሂን ሶዳቲና» አለችኝ፣ አትፍሩ ማለቷ ነው። ቫይረስ ነው፣ ትኩሳት ሲኖር ልብ ይፈጥናል፣ ውኃ ካልጠጡ ደግሞ ይብሳል አለች።

«ትኩሳቱ ሲወርድ ልብዎም ይወርዳል። ትኩሳቱ ለቆዎት ልብዎ እየሮጠ ከቀረ ግን ይምጡ። ደረትዎን ካመመዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይ ራስዎን ከሳቱማ ወዲያው ይምጡ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይረካ ነበር። እኔ ቤቴ ገብቼ ጣቴን ከእጄ አንጓ ላይ አላነሳሁም።

«ኧረ ልቀቁት እጅዎን!» አለችኝ ሚስቴ። «እርስዎ ካልያዙት የሚቆም መሰለዎት?»

«ቢቆምስ?»

«ቢቆምማ ያርፉ ነበር። እኔም አርፍ ነበር።»

ሚስቴ የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። አማርኛውን ከእኔ ለመደች፣ አንቱታውን ግን ከእናቷ ቤት ይዛው መጣች። አንድም ቀን አንተ ብላኝ አታውቅም። ጉዱን ያመጣብኝ ይሄ አክብሮቷ ነው።

አንድ ጠዋት ላብ አጠመቀኝና ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ልቤም ዝግ አለ። ዘመኔን እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። በዚያው ሰዓት ዳኛው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በደጃችን አለፈ። በሽታውን ፈርቶ ወደ አጥሩ እንኳ አልተጠጋም። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ጠቅልሎ ጮኸ።

«ሰውየው እንዴት አደረ?»

«ልባቸው ነው እኮ ያስቸገራቸው» አለች ሚስቴ፣ አመድ እየደፋች። «ሲደልቅ ሲደልቅ ከርሞ… ተመስገን፣ አሁን አረፉ።»

ተኙ፣ ዕረፍት አገኙ ማለቷ ነበር። ከመንገድ ማዶ ለቆመ፣ ያውም ከቤተ ክርስቲያን ለሚመጣ ሰው ግን «አረፉ» አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ሴትዮዋ ሳታለቅስ፣ አመድ እየደፋች «ተመስገን» ማለቷ እንኳ ግር አላለውም። በኋላ ይሄን ሲጠይቁት «እሱን ያገባች ሴት ተመስገን ብትል ምን ይደንቃል?» ብሎ መለሰ።

ጡሩምባውን በእንቅልፍ ልቤ ሰማሁት። «የዕድራችን አባል አናጺው ስላረፈ…» ይላል ለፋፊው። በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ከታች ሰፈር ደንበኞቼን የሚቀማኝ ሌላ አናጺ አለ፣ እሱም የዕድሩ አባል ነው። እሰይ ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ሚስቴ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። የምሠራበትን ክፍል ከመኝታዬ የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፣ ሁሉም ይሰማል። የዕድሩ ሰዎች ገቡ።

«የትኛውን ሣጥን እናንሳ?»

«የዋንዛው ይቅር፣ ለደህና ሰው ይሆናል። ለሱ ባሕር ዛፉ አነሰው?»

«ያጥራል እኮ።»

«እግሩን ማጠፍ ነዋ። በሕይወቱ ለማንም ታጥፎ አያውቅም፣ አሁን ይታጠፋ!»

ሳቁ። ከዚያ ከደጃፉ የዳኛው ድምፅ መጣ።

«ልቤ፣ ልቤ ሲል ከረመ። ልብ ያለው ይመስል።»

ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። አንደኛው የያዘውን ክዳን እግሩ ላይ ለቀቀው። ደግ አደረገ። ዳኛው ከሁሉም ቀድሞ ራሱን ሰበሰበና ነጠላውን ወደ አፍንጫው ሳበ።

«አንተ! አላረፍክም እንዴ?»

«አርፌ ነበር። እናንተ ቀሰቀሳችሁኝ።»

ልቤ እዚያው ቆሜ እንደገና ሩጫውን ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ከቡሬ በአውቶቡስ የመጡት ዘመዶቼ መቆሜን ሲያዩ ደስ ከማለት ይልቅ ተቆጡ። አክስቴ ለለቅሶ ያዘጋጀችውን ነጠላ እያጣጠፈች «እኔ እንግዲህ ወጥቼልሃለሁ። ሌላ ጊዜ እንዳትጠራኝ» አለችኝ።

በማግስቱ ዳኛው ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ ለፋፊውን ይላኩልኝና አልሞተም ይበል» አልኩት።

«ጡሩምባ የሞት ነው። ለቆመ ሰው ይነፋል የሚል ደንባችን ላይ የለም። ማንበብ ትችል የለም እንዴ? አንብበው።»

ደንቡን ተበድሬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እውነትም የለም። እርስዎ ማለቱን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተውኩ።

ከተማው ስም አወጣልኝ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሲያዩኝ «አረፉ መጡ! ለአረፉ ቦታ ልቀቁላቸው!» ይላሉ። ለሠርጉ አልጋ ያዘዘኝ ሙሽራ ከሙት እጅ አልቀበልም ብሎ ቀረ። ልቤም አልቆመም። ትኩሳት የለብኝም፣ ልቤ ግን ይሮጣል። ነርሷ ያስጠነቀቀችኝ ይሄን ነበርና ሆስፒታል ሄድኩ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው አዩኝ። ሐኪሙ ልብህ ደህና ነው፣ ይሄ በሽታ አንዳንዱ ሰው ላይ ሲለቅ እንዲህ ያለ ነገር ትቶ ይሄዳል፣ እያደር ይተውሃል፣ መቁጠሩን አቁም አለኝ። እያደር ተወኝ። ጡሩምባ ሲነፋ ግን ዛሬም ይነሳል፤ ለፋፊው የሟቹን ስም እስኪጠራ ድረስ እኔ እሆን እንዴ እያልኩ አዳምጣለሁ።

በዓመቱ ያው በሽታ ተመልሶ መጣ፣ ዳኛውን ጣለው። ሴት ልጁ ወደ እኔ መጣች።

«አባዬ ይጠራዎታል። ልቤ ሮጠ ብሎ አስጨነቀን። ጤና ጣቢያ ወስደነው የትኩሳቱ ነው፣ ውኃ ይጠጣ፣ ሌላ ምንም የለበትም ብለውናል። እሱ አያምንም፣ ጣቱን ከእጁ ላይ አያነሳም።»

ሜትሬን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ፀሐይ እንዲሞቅ በረንዳ ላይ አስተኝተውታል። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩና ጋቢዬን አፍንጫዬ ላይ ጠቀለልኩ።

«ግባ እንጂ» አለኝ።

«ከዚህ ይታየኛል።»

«አንተም እንዲህ ሆነህ ነበር አይደል? ልቤ ሊወጣ ነው። እንዴት ዳንክ?»

«መዳኔን ማን ነገረህ? እኔ ሞቻለሁ፣ አንተው አስነፍተህ።» ሜትሬን አውጥቼ ዘረጋሁና ከራሱ እስከ እግሩ በዓይኔ ለካሁት። «ዋንዛ ይሁንልህ ባሕር ዛፍ?»

«ኧረ በፈጠረዎት!» አለች ልጁ።

«ባሕር ዛፉ ያጥርሃል። እንግዲህ መታጠፍ ነው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ጣቱ ከእጁ አንጓ ላይ አልተነሳም። እንደሚድን አውቃለሁ፣ ልጁ ነግራኛለች። አልነገርኩትም።

«ለፋፊውን ላከው» አልኩ። «ሲነፋልኝ እንዴት እንደዳንኩ እነግርሃለሁ።»

«ደንቡ ላይ…»

«ደንቡን አንብቤዋለሁ። ይነፋል አይልም። አይነፋም የሚልም የለበትም።»

 ጣቱን ከእጁ ሳያነሳ፣ ለፋፊውን እንድትጠራ ልጁን በአገጩ ሂጂ አላት።

ለፋፊው ግራ እየገባው ከመስቀለኛው መንገድ እስከ ገበያው ድረስ ነፋ። «አናጺው አላረፈም! አምና የተነፋው በስህተት ነው! አናጺው በሕይወት አለ!» ሊያለቅሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የወጡ ሴቶች የሚለቀስለት ሲያጡ እየተቆጡ ተመለሱ።

ያኔ መንገዱን ተሻገርኩ። «ትኩሳት ነው። ውኃ ጠጣ። እጅህን ልቀቅ» አልኩት። «ይሄን ለመስማት ነው ወይ ያስነፋሁት?» ብሎ ሰደበኝ። ስድቡ ራሱ ደህንነቱን ነገረኝ።

ድኗል። ዛሬም ዳኛ ነው፣ ሰላም አይለኝም። አንቱታውንም አልመለስኩለትም። የባጃጅ ልጆቹ አሁንም አረፉ ይሉኛል፤ ይበሉኝ፣ የሚነፋልኝ ተነፍቷል። አላረፈም ተብሎ የተነፋልኝ ጥቅምት አምስት ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በአቦ ዕለት ነበር።